ኦቦ ሂርጳ እና የፍራሽ ስሙኒ

ኦቦ ሂርጳ መሞታቸውን የሰማሁት ለቅሶ ቤት ነው፤ ያውም የሌላ ሰው ለቅሶ። ከጎኔ የተቀመጠው ሰውዬ ከወለጋ መምጣቱን ሲነግረኝ፣ እንደ ወጉ የማውቃቸውን ሰዎች አንድ በአንድ ጠየቅኩት። ኦቦ ሂርጳ ላይ ስደርስ፣ "ውይ፣ እሳቸውማ ካረፉ ሦስተኛ ወራቸው" አለኝ። ቀጠለና ደግሞ፣ "እንደኖሩ ሞቱ፤ አንዲት ውሸት ሳይናገሩ" አለ። እኔ ሳላስበው ሳቄ አመለጠኝ። ድንኳኑ ውስጥ የነበረ ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። የሟች እህት ከዚያን ቀን ወዲህ አኩርፋኛለች፤ አልፈርድባትም።

እንዴት አድርጌ ላስረዳት? የሳቅኩት ደስ ብሎኝ አይደለም። ግራ ገብቶኝ ነው። በዚያ ሰው ጉዳይ ግራ መጋባት የጀመርኩት በሃያ አንድ ዓመቴ ነው፣ ይኸው ፀጉሬ ሸብቶ አልለቀቀኝም። ቅን ሰው ነበሩ ወይስ ብልጥ? ሁለቱንም መሆን ይቻላል የሚሉ አሉ። ይቻል ይሆናል፤ እኔ ግን ያየሁት ሰው አንዱን ሲሆን ሌላው ይጎድልበታል።

ዘመኑ የጃንሆይ ነው። አዲስ አበባ ታይፕ ተምሬ የተቀጠርኩት ከነቀምቴ ወደ ሲሬ በሚወስደው መንገድ ላይ ባለች አንዲት ትንሽ ከተማ ማዘጋጃ ቤት ነበር። የከተማዋን ስም አልጠራም፤ ሰዎቿ ተረበኞች ናቸው፣ ይህን ጉድ እንደገና ማውራቴን ቢሰሙ አያስቀምጡኝም። ማዘጋጃ ቤቱ ሦስት ክፍል ነበረው። አንዱ የሹማችን የግራዝማች፣ አንዱ የኔና የጽሕፈት መኪናዬ፣ ሦስተኛው ደግሞ የአካፋና የዶማ ማስቀመጫ። ኦቦ ሂርጳ የሚቀመጡት ሦስተኛው ክፍል በር ላይ ነው።

የደመወዝ መዝገቡ "ተላላኪ" ይላቸዋል። ተላላኪነቱ ግን ከሥራቸው ሁሉ ትንሹ ነበር። የመንገድ ዳር ቦዮችን ይጠብቃሉ፣ አቤት ባይ ሲመጣ ያስተረጉማሉ፣ ከሁሉ በላይ ግን ቅዳሜ ቅዳሜ ገበያው መሐል ካለው ትልቅ ዛፍ ሥር ቆመው የማዘጋጃ ቤቱን ማስታወቂያ በሁለት ቋንቋ ይለፍፋሉ። ቀጭንና ረጅም ነበሩ። ድምፃቸው ከዚያ አካል መውጣቱ ይገርመኝ ነበር። "ዸጌፈዻ!" ብለው፣ ስሙ ማለታቸው ነው፣ ሲጀምሩ ቅቤ የሚመዝነው ሚዛኑን ያስቀምጣል፣ የሚጨቃጨቀው ጭቅጭቁን ይተዋል። ደመወዛቸውን ቢያስቀሩባቸው ግድ የሚሰጣቸው አይመስለኝም፤ የቅዳሜዋን ልፈፋ ግን በምንም አይለውጧትም።

ደግሞ አመል ነበራቸው። ከባድ ጥያቄ ሲጠየቁ ባርኔጣቸውን ያወልቁና ውስጡን ይመለከታሉ። መልሱን እዚያ ያነበቡ ይመስል መልሰው ይደፉታል። መጀመሪያ ሰሞን ይህ ያስቀኝ ነበር። በኋላ ግን ባርኔጣቸው በወለቀ ቁጥር ልቤ ይፈራ ጀመር፤ ከዚያ በኋላ የሚናገሩት ነገር ሰውን እንደሚያስጨንቅ አውቃለሁና።

የከተማው ሰው "ሂርጳ ሶበ ሂንዱበቱ" ይላቸው ነበር። ሂርጳ ውሸት አይናገርም ማለት ነው። ልጅ ሆነው ሚሲዮን ትምህርት ቤት ፊደል ቆጥረዋል፣ ወንጌል ያነብባሉ፣ ለእግዚአብሔር የገቡት ቃል እንዳለ ይወራል። አንድ ቀን ግራዝማች የሚሸሹት ባለጉዳይ መጣና ኦቦ ሂርጳን ጠርተው፣ "ነቀምቴ ሄዷል በለው" አሏቸው። ኦቦ ሂርጳ ወጡና ሰውየውን፣ "ኦቦ፣ ግራዝማች 'ነቀምቴ ሄዷል በለው' ብለውኛል። እንግዲህ ብያለሁ" አሉት። ሰውየው ሳቀና በመስኮቱ በኩል ገብቶ አነጋገራቸው። ግራዝማች ያን ዕለት ቢቆጡም ማባረር አልቻሉም። ምን ብለው ያባርሩ? የተባለውን አንድም ሳይጨምር አንድም ሳይቀንስ የፈጸመ ሠራተኛ!

አማርኛቸውን በተመለከተ አንድ ነገር ልናገር፤ በኋላ ለሚመጣው ነገር ያስፈልጋል። በገባሁ በሁለተኛው ወር ስለ ባዘኑ አህዮች ማስታወቂያ ጻፍኩ። "በአደባባይ ብቻውን የተገኘ አህያ ይመታል" ይላል። ኦቦ ሂርጳ ወረቀቱን ይዘው ተመለሱ።

"ወይዘሪት፣ ይህ አህያ ይመታል ነው ወይስ ይመታል?"

"እንዴት?"

"ሲጠብቅ ተመቺ ነው፤ ሲላላ መቺ ነው። ወረቀቱ አይናገርም። አሁን ይህን ካነበብኩ ገበያው አህያ ሊመታው ነው ብሎ ይሸሻል።"

አፈርኩ። ሸዋ ተወልጄ ያደግኩት እኔ ያላየሁትን፣ አፋቸውን በኦሮምኛ የፈቱት ኦቦ ሂርጳ አዩት። ቃሉን ለወጥኩት። እሳቸው ታዲያ አልሳቁብኝም። "ቃል አህያ ነው ኢንተለ ኮ" አሉኝ፤ ልጄ ማለታቸው ነው። "የጫኑበትን ይሸከማል። ጥፋቱ የጫኙ ነው።"

ወለጋን የሚያውቅ ሰው ምስጧን ያውቃል። ዛሬ የተከልከው ቋሚ በሦስተኛው ዓመት ውስጡ ባዶ ነው፤ በጣትህ ስትነካው ይፈርሳል። ስለዚህ በዚያች ከተማ ቤት መሥራት አያልቅም። ሰው ሁሉ በየክረምቱ ማግስት ምስጥ የበላውን ግድግዳ በገዛ እጁ ያፈርሳል፣ አዲስ ማገር ይማግራል፣ ጭቃ አቡክቶ ይመርጋል። አሮጌውን ጭቃና ብስባሽ እንጨት ደግሞ የት ይጥለዋል? ቦይ ውስጥ ነዋ! በዚያ ዓመት ቦዮቹ ተደፍነው የክረምቱ ጎርፍ ገበያውን ጥሶ ገባ፤ የጨው ነጋዴዎች ጆንያ ተሸክመው ሲሮጡ በመስኮት አየሁ። እውነቱን ለመናገር ግራዝማች አንድ ነገር እናድርግ ማለታቸው ትክክል ነበር። ከከብት ገበያው በታች ጉድጓድ ተቆፈረ። ቤቱን የሚያድስ ሰው ውዳቂውን እዚያ እንዲያመጣና እንዲከፍል ተወሰነ። ማስታወቂያውን ቆመው እየተንጎራደዱ አጻፉኝ፦

"ማናቸውም የከተማው ነዋሪ ከቤቱ ለሚያወጣው ፍራሽ በአንድ የአህያ ጭነት ስሙኒ ይከፍላል። እስከ አሥራ አምስት ቀን ድረስ የፍራሽ ደረሰኝ ያልያዘና ቤቱ በእድሳት ላይ ያለ ሰው፣ እንደ ተወው ተቆጥሮ ቦታው ለሌላ ይሰጣል።"

የመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገር ለምን እንደገባች ያን ጊዜ አልገባኝም ነበር። በኋላ እነግራችኋለሁ።

ወረቀቱን ለኦቦ ሂርጳ ሰጠኋቸው። አነበቡት። ደግመው አነበቡት። ባርኔጣቸውን አወለቁ።

"ወይዘሪት፣ ይህ ፍራሽ የሚለው፣ ፍራሽ ነው?"

እዚህ ላይ ነው የኔ ጣጣ። 'ር'ን አጥብቀው ይሁን አላልተው የጠየቁኝ ልብ አላልኩም። ሥራ ነበረብኝ፣ የጽሕፈት መኪናው ጥብጣብ ተቆላልፎብኝ እጄ ቀለም በቀለም ሆኗል። "አዎ፣ ፍራሽ ነው" አልኳቸው።

"እንዳለ ልበለው?"

ግራዝማች ከውስጥ ሰምተው ጮኹ። "እንዳለ በለው! አንዲት ቃል እንዳትጨምር፣ አንዲት ቃል እንዳትቀንስ! ያለፈውን ዓመት ማስታወቂያ እንደ ራስህ ስብከት አድርገህ ተርጉመኸዋል አሉ!"

"እሺ ጌታዬ" አሉ ኦቦ ሂርጳ፤ ባርኔጣቸውንም አጠለቁ።

ቅዳሜ ገበያ ነበርኩ። በአማርኛ አነበቡ፤ ከዚያ በኦሮምኛ ቀጠሉ። "ነምኒ ፍራሺ መነ ኢሳ ኬሳ ባሱ…" ከቤቱ ፍራሽ የሚያወጣ ሰው… ሌላውን ሁሉ ተረጎሙ፤ ያችን አንዲት ቃል ግን እንዳለች ተናገሯት። የኔ ኦሮምኛ የዚያን ጊዜ ሰላምታ ከመለዋወጥና ሽንኩርት ከመግዛት አያልፍም፤ ምንም አልጠረጠርኩም። ሕዝቡ ግን "ማል ጄዸን? ማል ጄዸን?" ምን አሉ፣ ምን አሉ ሲባባል ሰማሁ።

ለገበያው ሰው ፍራሽ ከሱቅ የሚገዛው ጥጥ የተሞላው፣ ድሃው ደግሞ ጆንያ ሰፍቶ ገለባ የሚሞላው፣ የሚተኛበት ፍራሽ ነው። ግራዝማች ያሰቡትን፣ 'ር' ጠብቆ ከፈረሰ ቤት የሚወጣውን ፍራሽ አያውቅም። ስለዚህ ወሬው ያን ቀን በየቤቱ ገባ፤ ማዘጋጃ ቤት በፍራሽ ላይ ቀረጥ ጣለ! ይህን ሁሉ ያወቅኩት በኋላ ነው። ያን ጊዜ የማየው ነገር ሁሉ እንቆቅልሽ ነበር።

መስከረም ነው፤ ክረምት አልፎ ሰው ሁሉ ፍራሹን ለፀሐይ የሚያወጣበት፣ ትኋን የሚያራግፍበት ጊዜ። በዚያ መስከረም ግን አንድም ፍራሽ አጥር ላይ አልተሰጣም። አከራዬ እትዬ አስካለ የጎጃም ሴት ናቸው፣ አማርኛቸው ከኔ ይበልጣል። አንድ ጠዋት ዓይናቸው አብጦ መጡ።

"ልጄ፣ ፍራሽ ያወጣ ስሙኒ ይከፍላል የሚባለው እውነት ነው?"

"እውነት ነው እትዬ። እኔ ራሴ ነኝ የጻፍኩት።"

"ወጥቶ የሚመለስም ቢሆን?"

ምን ማለታቸው ነው ብዬ አሰብኩ። ጭቃ ወጥቶ እንዴት ይመለሳል? "ከወጣማ ወጣ፤ ይከፈልበታል" አልኳቸው።

"በስማም!" ብለው አማተቡ። "እንግዲያ ከትኋኑ ጋር ብታረቅ ይሻለኛል።" የቤት ጭቃን ከትኋን ጋር ምን እንዳገናኘው እያሰላሰልኩ ቢሮ ገባሁ።

ቢሮ ደግሞ ሌላ ተአምር ነበር። ኦቦ ሂርጳ ጉድጓዱ አጠገብ ተቀምጠው የሚቆርጡት ደረሰኝ ጉርዱ ማታ ማታ እኔ ዘንድ ይመጣል። "ፍራሽ፣ አንድ ጭነት።" "ፍራሽ፣ አንድ ጭነት።" የተጣራ የእጅ ጽሑፍ፣ አንዲት ስርዝ ድልዝ የለባትም። ሁሉም አንድ አንድ ጭነት መሆኑ ትንሽ ገረመኝ። አንድ ቤት ፈርሶ አንድ ጭነት ብቻ? ግን የሕዝቡ ሕግ አክባሪነት ደስ አሰኝቶኝ ነበር። ግራዝማች ነቀምቴ ለስብሰባ ሄደው ስለነበር በስልክ ነገርኳቸው። "አላልኩሽም?" አሉኝ በኩራት። ቦዩ ግን አሁንም እንደ ተደፈነ ነው። ሥራ የበዛበት ሰው ሁሉን አያይም፤ እኔም አላየሁም።

በዋናው መንገድ ላይ ሀርሜ፣ እናታችን እንደ ማለት ነው፣ ሀርሜ ጫልቱ የሚባሉ ባልቴት ነበሩ። ባላቸው ሞቶባቸው ከቤታቸው ደጃፍ ላይ ሸክላ እየሸጡ የሚኖሩ ናቸው። በዚያ ክረምት ምስጥ የኋላ ግድግዳቸውን በልቶ ጣለው። ጎረቤት በደቦ አዲስ ማገር ማገረላቸው፤ አሮጌው ጭቃና እንጨት ግን ደጃፋቸው ላይ እንደ ኮረብታ ተቆልሎ ቀረ። ቦታቸው መንገድ ዳር ነው። አንድ የሸቀጥ ነጋዴ መጋዘን ሊሠራበት ከጓጓ ቆይቷል፣ ግራዝማችም ቃል ሳይገቡለት አልቀሩም። ያች የመጨረሻ ዓረፍተ ነገር የገባችው ለሀርሜ ጫልቱ ነበር። ቤታቸው በእድሳት ላይ ነው፣ ውዳቂው ደጃፋቸው ላይ ነው፣ የሚከፍሉበት የላቸውም። ደረሰኝ ከሌላቸው ከቤታቸው ይወጣሉ። የት እንደሚሄዱ ማንም አልጠየቀም፤ እኔም አልጠየቅኩም።

በአሥራ ስድስተኛው ቀን ከነቀምቴ የተመለሱት ግራዝማች፣ ነጋዴው፣ እኔ መዝገብ ይዤ፣ ኦቦ ሂርጳ ደግሞ የመለኪያውን ገመድ ተሸክመው ሄድን። ሀርሜ ጫልቱ ወጡ።

"አካም ቡልተኒ" አሉ፤ እንዴት አደራችሁ ማለታቸው ነው።

ግራዝማች ሰላምታውን ትተው፣ "ደረሰኝ አለሽ በላት" አሉ። ኦቦ ሂርጳ ተረጎሙ። ሀርሜ ጫልቱ እጃቸውን ደረታቸው ውስጥ ከተው የታጠፈች ወረቀት አወጡ። እኔ ተቀብዬ አነበብኩ። "ፍራሽ፣ አንድ ጭነት፣ ተከፍሏል።" ቀኑ አላለፈም፣ ማኅተሙ የኛ ነው።

ግራዝማች ወረቀቱን አዩ፣ ቁልሉን አዩ፣ እንደገና ወረቀቱን አዩ። "ፍራሹ ይኸው አይደለም እንዴ! የታለ የተነሣው?"

ኦቦ ሂርጳ ጠየቁላቸው። ባልቴቷ ገርሟቸው ወደ ቤት ገቡና አንድ ጥግ ላይ የተነጠፈ የገለባ ፍራሽ አሳዩን። "ወስጄ ከፈልኩ። ፀሐይ ሞቀና መልሼ አገባሁት። መመለስ ክልክል ነው እንዴ? ማሎ፣ እባካችሁ፣ ስሙኒ አጥቼ ሁለት ድስት አርክሼ ሸጬ ነው የከፈልኩት።"

መጀመሪያ የሳቀው ነጋዴው ነው። ከዚያ ነገሩ ገባውና ሳቁ ደረቀበት። እትዬ አስካለ፣ ትኋኑ፣ ባዶዎቹ አጥሮች፣ ቤቱን የሚያድሰው ሰው ቦታውን እንዳያጣ የሚተኛበትን ፍራሽ በአህያ ያመጣበት አንድ አንድ ጭነት፣ ሁሉም ባንድ ጊዜ መጣብኝ።

ግራዝማች ወደ ኦቦ ሂርጳ ዞሩ። "አንተ! ይህች ሴት ምን አመጣችልህ?"

"ፍራሽ ጌታዬ።"

"ከየት?"

"ከቤቷ።"

"በምን?"

"በአህያ። አንድ ጭነት ነበር። ከፈለች፣ ቆረጥኩላት።"

"ፍራሽ ምን ማለት እንደሆነ አታውቅም?"

ኦቦ ሂርጳ ባርኔጣቸውን አወለቁ። እኔ ዓይኔን ጨፈንኩ። "ጌታዬ፣ እኔ አፌን የፈታሁት በአማርኛ አይደለም" አሉ።

ውሸት አይደለም። አንዲት ፊደል ውሸት የለበትም! ግን ያ የአህያ ማስታወቂያ ትዝ አለኝና አንገቴን ደፋሁ።

ግራዝማች ከአውራጃው መርማሪ እንዲላክ ጻፉ፤ ደብዳቤውን ታይፕ ያደረግኩት እኔው ነኝ። ነገሩ በአንድ ጥያቄ ላይ ተንጠለጠለ። ኦቦ ሂርጳ አውቀው ሕዝቡን አሳስተው ከሆነ፣ በማታለል ይታሰራሉ፣ የቆረጡት ደረሰኝ ሁሉ ይሰረዛል፣ ሀርሜ ጫልቱ ቤታቸውን ያጣሉ። ሳያውቁ ከሆነ ግን ደረሰኙ ደረሰኝ ነው። ስለ ቃሉ የጠየቁት ደግሞ እኔን ብቻ ነው። ምስክሯ እኔ ነኝ።

እንቅልፍ አጣሁ። የምናገረውን አላውቅም። አሞኝተውኛል? "ፍራሽ ነው?" ብለው ሲጠይቁኝ "አዎ" ማለቴን ለዚህ ቀን አስቀምጠውት ነበር? ይህን ሳስብ እናደዳለሁ። ወይስ የእውነት ግራ ገብቷቸው ነው የጠየቁኝ፣ እኔ ነኝ ያጠፋሁት? ይህን ሳስብ ደግሞ አለቅሳለሁ። መርማሪው ሊመጣ አንድ ቀን ሲቀረው ከሰዓት በኋላ ጉድጓዱ ድረስ ሄድኩ።

"ኦቦ ሂርጳ፣ አንድ ነገር ይንገሩኝ። አውቀው ነው ወይስ…"

እጃቸውን አነሡ። እንዲህ ፈጥነው ሲያቋርጡኝ አይቻቸው አላውቅም።

"ኢንተለ ኮ፣ እሱን አትጠይቂኝ።"

"ለምን?"

"ከጠየቅሽኝ እመልሳለሁ። ከመለስኩልሽ ታውቂያለሽ። ነገ ሲጠይቁሽ ደግሞ ወይ እኔን ትጥያለሽ ወይ ትዋሻለሽ።" ከዚያም ቀጠሉ። "መዋሸት ቀላል ነው ይላሉ። አንዴ ከለመድሽው ግን አይለቅሽም። ለአንድ ግድግዳ ብዬ አንቺን ውሸት ላስተምርሽ?"

ያን ጊዜ ተናደድኩባቸው። ልናዘዝ የመጣሁ ይመስል ቆሜ እየለመንኳቸው ጀርባ ሰጡኝ! ሳልሰናበታቸው ተመለስኩ።

መርማሪው መነጽራም፣ ቁጥብ ሰው ነበር። ቢሮአችን በሰው ተሞላ፤ ከመስኮቱ ውጭም ቆመዋል። መጀመሪያ ኦቦ ሂርጳን ጠየቃቸው። "አውቀህ ነው ወይስ ሳታውቅ?"

"ጌታዬ፣ ስለ ቃሉ የጠየቅኩት ወይዘሪትን ነው። እንዳለ በለው ያሉኝ ግራዝማች ናቸው። ከተጻፈው የጨመርኩት ወይም የቀነስኩት ካለ፣ የሚል ሰው ይምጣ" አሉ።

ወደ እኔ ዞረ። "ፍራሽ ነው ወይ ሲልሽ ምን መለስሽለት?"

"አዎ፣ ፍራሽ ነው አልኩ።"

"የትኛው ፍራሽ?"

"አልለየሁለትም ጌታዬ።" ከመስኮቱ ውጭ ሳቅ ተነሣ።

"አውቆ ያደረገው ይመስልሻል?"

ያች የአህያ ማስታወቂያ አፌ ላይ ነበረች። ግራዝማች ያዩኛል። ሀርሜ ጫልቱ ከበሩ ሥር ቁጢጥ ብለው በማያውቁት ቋንቋ ዕጣቸው ሲወጣ ያዳምጣሉ። ኦቦ ሂርጳ ግን አላዩኝም። ልቤን ፈተሽኩት። የእውነት አላውቅም ነበር።

"አላውቅም" አልኩ።

መርማሪው ጻፈው። ከሰዓት ውሳኔው ተነበበ። ጥፋቱ የማስታወቂያው ነው፤ ተስተካክሎ እንደገና ይውጣ፤ የተቆረጡት ደረሰኞች የጸኑ ናቸው። የሀርሜ ጫልቱ ቤት ጸናላቸው። አንድ ነገር ግን ተጨመረ፦ ተላላኪ ሂርጳ አማርኛው በቂ ሆኖ ስላልተገኘ ከእንግዲህ በገበያ እንዳይለፍፍ፤ ጉድጓዱን ብቻ ይጠብቅ።

አማርኛው በቂ ሆኖ ስላልተገኘ! ተነሥቼ እሳቸው ያረሙኝን ሁሉ ልዘርዝር ቃጣኝ፤ ብናገር ግን የማጠፋው እሳቸውኑ ነው። ኦቦ ሂርጳ "እሺ ጌታዬ" አሉ፤ ድምፃቸው ለመጀመሪያ ጊዜ እንደ አካላቸው ቀጭን ሆነብኝ። ቅዳሜ አዲሱ ለፋፊ ከዛፉ ሥር ቆሞ ሲጮህ ገበያው ሚዛኑን አላስቀመጠም።

በሳምንቱ ደረሰኝ ጨርሰዋልና አዲስ ጥራዝ ላደርስላቸው ወደ ጉድጓዱ ወረድኩ። ኦቦ ሂርጳ የገዛ አህያቸውን እያራገፉ ነበር። ምስጥ የበላው ቋሚ፣ የደረቀ ጭቃ፣ የሸክላ ስባሪ። ሸክላውን ሳይ ከየት እንደመጣ ገባኝ። የሀርሜ ጫልቱ ቁልል ነው።

"ስንተኛው ነው?"

"አሥረኛው። አንድ ይቀራል።" ከኪሳቸው ሳንቲም አውጥተው መዳፌ ላይ ቆጠሩት። "ለራሴ ራሴ ልቆርጥ አይገባም። አንቺ ቁረጪልኝ፤ በኔ ስም።"

ሳንቲሙን ይዤ ቆምኩ። ሳያውቁ ከሆነ ያልበደሉትን ለምን ይክሳሉ? አውቀው ከሆነ ደግሞ ድል ካደረጉ በኋላ ለማዘጋጃ ቤት ይህን ሁሉ ስሙኒ ማን አስገደዳቸው? አሥር ጊዜ ጻፍኩ። ከዚያ አላስቻለኝም።

"ኦቦ ሂርጳ፣ አሁን ይንገሩኝ። ተጠይቄ አበቃሁ፤ የሚጠይቀኝ የለም።"

አህያቸውን እያሰናዱ፣ "ሲጠይቁሽ ምን አልሽ?" አሉኝ።

"አላውቅም አልኩ።"

"እውነት ነበር?"

"እውነት ነበር።"

"ታዲያ ለምን ታበላሺዋለሽ?" አሉና፣ አሥራ አንደኛውን ጭነት ሊያመጡ አህያቸውን እየነዱ ዳገቱን ወጡ።